ያልተረጎምኩት ጥያቄ

ሰሞኑን አንዲት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኢንቦክስ ገብታ «ጋሼ፣ የአየር ንብረት ስብሰባ ላይ እንድናገር 3 ደቂቃ ሰጥተውኛል፣ ፈረንጆች ይኖራሉ፣ ስለ ወሎ ገበሬ ምን ልበል?» አለችኝ። ቀላል ነው ብዬ መመለስ ጀምሬ መሀል ላይ እጄ ቆመ። ለምን እንደቆመ ልንገራችሁ፣ ለሷ ብቻ ከምጽፈው ለሌሎቻችሁም ይሁን።

በ70ዎቹ ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ አካባቢ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ሥራዬ ውሃ ልክና ገመድ ይዞ ለእርከን መስመር ማውጣት ነው። ያኔ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል እየሰጠ ገበሬው እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተክላል፣ ለአንድ ቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። የ77ቱ ረሃብ ገና ከሰው ፊት አልጠፋም፣ ማን እምቢ ይላል? የዘይቱን ቆርቆሮ ስንቱ በር አረገው መሰላችሁ፣ እናቴ እንኳ ስንት አመት በርበሬ አስቀመጠችበት፣ «ያሜሪካኑን አምጣው» ነበር የምትለኝ።

በ79 ይመስለኛል፣ በሁለት ላንድሮቨር የውጭ ሰዎች ሥራውን ሊያዩ መጡ። ከነበርነው ውስጥ እንግሊዝኛ የምሞክረው እኔ ስለነበርኩ አስተርጓሚ አደረጉኝ፣ ደስታዬ ለጉድ ነው፣ ሸሚዝ ሁሉ ተውሼ ነበር። የገበሬ ማህበሩ ሰው ዋርካ ስር ተሰበሰበ። አንድ ሼህ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱና ረጋ ብለው እንዲህ አሉ፣ «ተራራው ሲከለል ዝም አልን፣ ዛፉንም የተከልነው እኛ ነን። ፍየሌ ከገባች ግን እቀጣለሁ። ለመሆኑ ይሄ ዛፍ ሲደርስ የማን ነው?» ቀጠሉና «ደሞ እርከኑ ውስጥ አይጥ ተራብቶ እህላችንን ፈጀው፣ ካቡም ተቀራርቦ በሬ ማዞሪያ አጣን» አሉ።

ከኋላዬ ካድሬው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔም ወደ ፈረንጁ ዞሬ «ህዝቡ በጣም ደስተኛ ነው፣ ያመሰግናል ነው የሚሉት» አልኩት።

ሰውየው ደብተሩ ላይ ጻፋት። እስክሪብቶው ሰማያዊ ነበር፣ አሁንም ይታየኛል። ከዛ ሄዶ የሼሁን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ፣ እሳቸውም ጥያቄያቸው የደረሰ መስሏቸው «አላህ ይስጥህ ልጄ» አሉት። የዛፉን ነገር ፈርቼ ነው እንበል። ለአይጡ እኮ ማንም አያስረኝም ነበር! እሱን እንኳ ብተረጉም አንድ ነገር ይስተካከል ነበር።

ግንቦት 83 መንግስት ሲወድቅ ያ ተራራ በሳምንታት ውስጥ ተላጨ፣ የመጥረቢያው ድምፅ ከማደሪያዬ ድረስ ይሰማኝ ነበር፣ ካቡም ብዙ ቦታ ፈረሰ። ገበሬ ውለታ አያውቅም እያልኩ ስሳደብ ከረምኩ። በበነጋው አመት በዛ ሳልፍ ሼሁ ጋ ጎራ አልኩ፣ ቡና ተፈላ፣ ቀና ስል የቤታቸው ማገር የዛ ተራራ ባህር ዛፍ ነው። አይተውኝ ሳቁና «ያን ቀን ፈረንጁ ምን ብሎ መለሰ?» አሉኝ። «አስብበታለሁ ብሏል» አልኳቸው። በአንድ ጥያቄ ሁለቴ ዋሸኋቸው ማለት ነው። አሁን እሳቸው በህይወት የሉም።

ከዛ በኋላ ሰነድ አነብ ጀመር። በፈረንጆቹ 1994 የጸደቀው በረሃማነትን የመከላከል ስምምነት ህዝቡ በውሳኔው ይሳተፍ ይላል፣ በግልጽ ተጽፏል፣ እዛ መስመር ላይ ስደርስ ሼሁ ትዝ አሉኝ። በፈረንጆቹ 2009 ኮፐንሃገን በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ሀብታም አገሮች ለድሆቹ የሚሰጠውን በ2020 በአመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናደርሳለን አሉ፣ የሞላው 2022 ላይ ነው። የባኩው ጉባኤ ላይ ደሞ በ2035 በአመት 300 ቢሊዮን ይደርሳል ተባለ። ይምጣ፣ ልመና አይደለም፣ አፍሪካ ከዓለም በካይ ጋዝ የምትለቀው 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ግን ገንዘቡ ተንከባሎ ተንከባሎ አንድ ጋራ ስር ይደርሳል፣ እዛ የሚጠብቀው ጥያቄ የሼሁ ነው። አሁን የመሬት ደብተር አለ፣ ተራራ ለማህበር የሚሰጥበትም ቦታ አለ፣ እሱ ትልቅ ለውጥ ነው አልክድም።

እናንተ ልጆች ደሞ አትቆጡኝና አንድ ችግኝ ይዛችሁ አስር ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ሰስቴይነብል ሪዚሊየንስ ምናምን ስትሉ ከኔ በላይ ትችላላችሁ፣ ውሃ ልክ የሚይዝ ግን አላይም። ስብሰባ የሚባል ነገር ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነኝ። አንቺ ግን ሂጂ፣ እንዳትቀሪ፣ የፈረንጆቹ 2027 ዋናው የአየር ንብረት ጉባኤ ራሱ አዲስ አበባ ነው፣ ደጃችን ድረስ መጥተው እኛ ካልተናገርን ማን ይናገርልን። እንግሊዝኛሽንም አሳምሪ፣ እኔ በሱ ነው እንጀራ የበላሁት፣ ያጠፋሁትም በሱ ነው።

ከመሄድሽ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ወይ ኩታበር ውጪና ገበሬ አናግሪ፣ ፎቶ ሳታነሺ። የሚሉሽን እንዳሉት ጻፊው፣ አይጡንም ቢሆን። ጽፈሽ ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ እንግሊዝኛውን ሳይሆን አማርኛውን።