ከዲፓርትመንታችሁ ውጡ፤ ግን መጀመሪያ ግቡበት

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ለገባችሁም፣ «አካባቢ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ የቱን ዲፓርትመንት ልምረጥ?» እያላችሁ ለምትደውሉልኝም የምጽፈው ነው። ሙያዬ ኬሚስትሪ ነው፤ ዕድሜዬ ያለቀው የውሃ ናሙና ስመረምር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠያቂው ስለበዛ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ።

በስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ሲቆፈር ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ይወጣል። ውሃው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ረጅም ጊዜ ሲቆይ ፍሎራይዱን ያሟሟል፤ ካልሲየም ስለሚያንሰው ደግሞ የሚያዘቅጥለት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ መጠኑ እጅግ ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። ቤተ ሙከራ ውስጥ መፍትሔው ቀላል ነው። የከብት አጥንት ይከስላል፣ ይፈጫል፣ ውሃው በላዩ ሲያልፍ ፍሎራይዱን ይይዛል።

አሁን ወደ ቦኖው እንሂድ። ማጣሪያው ተተክሏል፣ ውሃው ተለክቷል፣ ውጤቱ ያማረ ነው። አንዲት እናት ጀሪካናቸውን መሬት አስቀምጠው «አጥንት ነው አላችሁ አይደል? ታዲያ በጾም እንዴት ልጠጣው?» አሉን። አጠገባቸው የቆሙት ሙስሊም ጎረቤታቸው ቀጠሉ፦ «ያልታረደ ከብት ቢሆንስ?» ከመጣነው ባለሙያዎች ለዚህ መልስ የያዘ አልነበረም። መልሱ ያለው ቄሱና ሼሁ ጋ ነው፣ ያውም ማጣሪያው ከመተከሉ በፊት። ሌላም ነገር አለ። አጥንቱ ፍሎራይድ እየያዘ ይሞላና መለወጥ ይፈልጋል። ማን ይግዛው? የውሃ ኮሚቴው ከየጀሪካኑ የሚሰበስበው ሳንቲም ይበቃል? ሰዉ ተስፋ ቆርጦ ወደ ኩሬው ቢመለስስ? የኩሬ ውሃ ፍሎራይዱ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው፤ ተቅማጡ ግን አይቀርም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደግሞ «ኩሬውን ተዉ» ስትል የኖረች ናት። አሁን ምን ትበል?

እኔ የአካባቢ ጥናት የምለው ይህንን ነው።

ብዙ ጊዜ በዚህ ስም የሚሠራው ግን ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የተደነገገው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የሚሠራው ፕሮጀክቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው። እንዲህ ያሉ ሪፖርቶች ብዙ አንብቤያለሁ። አፈሩ አንድ ምዕራፍ፣ አእዋፉ አንድ ምዕራፍ፣ ሕዝቡ አንድ ምዕራፍ። አንዱ ምዕራፍ «ግጦሹ ይከለላል» ይላል፤ ሌላው የአካባቢው ሰው በከብቱ እንደሚኖር ይተርካል፤ ሁለቱ አልተገናኙም። አምስት ባለሙያ አንድ ላይ ማሰር ጥረዛ እንጂ ጥናት አይደለም።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚሏችሁ መምህራን ግማሽ እውነት አላቸው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በአንድ ሙያ ጠንክሩ። ስታትስቲክስ የማያውቅ ልጅ «እኔ ዘርፈ ብዙ ነኝ» ሲለኝ አልወድም። ከሕጉም ከኢኮኖሚክሱም ከባዮሎጂውም አንዳንድ ኮርስ የለቀመ ሰው ከሁሉም ጋር ያወራል፤ ለሥራ የሚጠራው ግን የለም። ሌሎቹ እንዲሰሟችሁ መጀመሪያ የምታውቁት ነገር ይኑራችሁ።

ሐዋሳ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ሐይቃችን በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም፤ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች የጫትና የሸንኮራ ማሳውን አቋርጠው፣ ድሮ ሐይቅ የነበረውን የዛሬውን የጨለለቃ ረግረግ አልፈው፣ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ይገቡበታል። የደን ተማሪው ወንዶ ገነት ግቢ ከላይ ነው፤ የግብርናውና የጤናው ተማሪ ከተማ ውስጥ ከታች። ውሃው አንድ ነው፤ ልጆቹ ግን አይተዋወቁም። አሞራ ገደል ዓሣ ልትበሉ ስትሄዱም አጥማጁን ቀዳዳው ጠባብ መረብ ለምን እንደገዛ ጠይቁት። ስለ ዕዳ ያወራችኋል። መምህራችሁ ደግሞ ሳያድግ ስለሚጠመደው የቆሮሶ ዓሣ ያወራችኋል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ምረጡ ስትባሉ መጀመሪያ ቦታ ምረጡ፤ አንድ ጅረት ወይም አንድ ቦኖ ይበቃል። ከሌላ ዲፓርትመንት ሁለተኛ አማካሪ ጠይቁ። አይቻልም ካሏችሁ ሴሚናራቸው ላይ ኋላ ወንበር ቁጭ በሉ፤ ያልገባችሁን ጻፉና ሻይ ላይ ጠይቁ፣ ማንም አያባርራችሁም። ውጤታችሁን ደግሞ ከዲፌንስ በፊት ለቀበሌው ሰው አሳዩ፤ ከዲፌንስ በኋላማ ብታሳዩ ስህተቱን ቢያገኙላችሁም ማረሚያ ጊዜ የለም።