ባለ ሸራ ጀልባ ለምን አትገለበጥም? የሐዋሳ ሰዎች ጥያቄና መልስ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የፋይበርግላስ ጀልባ ስጠግን ነው የምውለው። ሰሞኑን ፒርሰን ትራይተን ስለምትባል የድሮ ባለ ሸራ ጀልባ አወራሁና "የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ" አልኩ። አፌን በቆረጠው! ለማንኛውም የቻልኩትን ይኸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ነገር ምን ዓይነት ጀልባ ናት?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበች፣ ወደ 8.7 ሜትር የምትረዝም የጉዞ ጀልባ ናት። የነደፋት ስዊድን የተወለደው ካርል አልበርግ ነው። 700 ያህል ተሠርታለች። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጀልባ በአብዛኛው ከእንጨት፣ አንድ በአንድ ነበር የሚሠራው። ፋይበርግላስ ግን ቅርጽ ማውጫው አንዴ ከተሠራ እንደ ብሎኬት ደጋግሞ ይወጣል። አራት ሰው ታስተኛለች። አዎ፣ ሽንት ቤትም አላት፤ ስድስት ሰው ስለጠየቀኝ ነው።

ጥያቄ፦ ያንን ሁሉ ሸራ ነፋስ ሲመታው እንዴት አትገለበጥም?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ እወዳታለሁ። ባዶ ሃይላንድ ውሰድና ሐይቁ ላይ ጣለው፤ ይተኛል። አሁን ሲሶውን አሸዋ ሙላና ክደነው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በጣትህ ብትገፋው ዘንበል ይልና ይመለሳል። ትራይተንም እንደዚያው ናት። ከሆዷ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ፣ ውሃ ውስጥ እንደ ክንፍ የሚወርድ፣ ኪል የሚባል ረጅም ነገር አላት፤ እዚያ ውስጥ ከ1,300 ኪሎ በላይ እርሳስ አለ። ከጠቅላላ ክብደቷ ከሲሶ በላይ ማለት ነው። ነፋስ ሲገፋት ትዘምማለች፤ በዘመመች ቁጥር ሸራው የሚይዘው ነፋስ ይቀንሳል፣ እርሳሱ ደግሞ ወደ ታች የሚጎትትበት ጉልበት ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ነፋሱ ከፊት ቢመጣስ?

መልስ፦ ፊት ለፊት አትሄድም። 45 ዲግሪ ያህል አግድም እየቆረጠች፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ትወጣለች፤ ጭነት ያለበት ጋሪ ዳገት ሲወጣ አይታችኋል? ወደ ጎን እንዳትንሸራተት የሚይዛት ያው ኪሉ ነው።

ጥያቄ፦ ፍጥነቷስ?

መልስ፦ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም ደህና ነፋስ ሲኖር። ባጃጅ ይቀድማታል።

ጥያቄ፦ 60 ዓመት ያለፈው ፋይበር አይበሰብስም?

መልስ፦ ፋይበሩ አይበሰብስም። እንዲያውም የዚያን ጊዜ ሰዎች ነገሩን ገና ስላላመኑት ሆዷን ወፍራም አድርገው ነው የሠሩት። ጉዱ ያለው ከላይ፣ ሰው የሚረግጠው ወለል ላይ ነው። የብዙዎቹ ወለል በሁለት ፋይበር መሃል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት አለበት። በአንዲት ልል ብሎን ውሃ ከገባ አለቀ።

እኛም ጋ ያው ነው። ካቻምና አንዲት የሽርሽር ጀልባ መጣችልኝ። ወለሏ ከላይ ያበራል። በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ሳደርገው አንዱ ጋ "ቋ ቋ" ይላል፣ ወንበሩ የታሰረበት ጋ "ዱብ ዱብ"። ስከፍተው ውስጡ የነበረው ኮምፔንሳቶ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ በእጄ ተዛቀ። ስለዚህ አሮጌ ጀልባ የምትገዙ ሰዎች፣ ቀለሙን ትታችሁ ድምፁን ስሙ።

ጥያቄ፦ ትራይተን ሐዋሳ ላይ ትሆናለች?

መልስ፦ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ይበቃታል። መሃሉም ጥልቅ ነው። ችግሩ ዳሩ ነው፤ ኪሏ 1.2 ሜትር ውሃ ውስጥ ይገባል። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ጋ አሳ ልትበላ ስትጠጋ ጀልባዋ ጭቃው ላይ ቁጭ ትላለች። ለእኛ ሐይቅ ኪሏ ወደ ላይ የሚሳብ ትንሽ ጀልባ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እኔ የሽርሽር ጀልባ አለኝ። ምሰሶ ተክዬ ሸራ ልሰቅልበት ነው፤ ሸራውን ገዝቻለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጀልባህ ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፣ ከሥሯም እርሳስ የላትም። ከላይ የነገርኩህ ባዶ ሃይላንድ እሷ ናት። ሸራውን ለተሳፋሪዎችህ ጥላ አድርገው።