የቆየ ፑኧር በጎንደር ውሃ

ጥያቄ፦ አጎቴ ለንግድ ጓንዡ ደርሶ ሲመለስ በወረቀት የተጠቀለለ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ የሆነ ሻይ አመጣልኝ። 357 ግራም ይላል፤ ሻጩም «ጥሬ ፑኧር፣ የ15 ዓመት» ብሎታል። ቆርሼ በማንቆርቆሪያ 10 ደቂቃ አፈላሁት፤ ኮሶ ሆነብኝ። ሻዩ ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት? (አንባቢ ከአዘዞ)

መልስ፦ ሻዩ ደኅና ሳይሆን አይቀርም፤ ኮሶ ያደረገው 10 ደቂቃው ነው። የእኛ ጥቁር ሻይ ተፈጭቶ፣ ጠቁሮ፣ ስኳር ታስቦለት የመጣ ስለሆነ መፍላቱን ይችላል። ፑኧር ግን ከቻይናዋ ዩናን ክፍለ ሀገር የሚመጣ ትልቅ ቅጠል ነው። «ጥሬ» የሚባለው በውሃ ረጥቦ እንዲጠቁር ያልተደረገው፣ በራሱ ጊዜ የሚያረጀው ዓይነት ነው፦ ቅጠሉ በብረት ምጣድ ይታመሳል፣ ይታሻል፣ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያ በእንፋሎት ለስልሶ ይጠፈጠፋል። ምሬቱ ብዙ ነው፤ ስለዚህ በትንሽ ዕቃ፣ በብዙ ቅጠል፣ በአጭር በአጭር ዙር ነው የሚቀዳው።

አሰባበሩ ላይ ይጠንቀቁ። በሙቀጫ ዘነዘና ወይም በመዶሻ ከመቱት ቅጠሉ ይደቅና ምሬቱን በአንድ ጊዜ ይለቃል። በጀርባው በኩል መሐል ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፤ ከዚያ ወይም ከጠርዙ ቀጭን ቢላ አግድም አስገብተው፣ ድርብርቡን ተከትለው እየፈለቀቁ ያንሡ። ቢላው ወደ እጅዎ እንዳይዞር፤ ጠንካራ ሻይ ድንገት ነው የሚለቀው።

መጠኑ ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 6 ግራም ነው። የማእድ ቤት ሚዛን ይህን በትክክል አያነብም፤ ወርቅ ሠሪ የሚያውቁ ከሆነ በእሱ ሚዛን ያስለኩ። ካልሆነ ዳቦውን ስምንት ቦታ፣ እያንዳንዱን ቁራሽ ደግሞ ሰባት ቦታ ቢከፍሉት አንዱ 6 ግራም ገደማ ይወጣዋል። ቻይናዎቹ ክዳን ያለው ትንሽ የሸክላ ጎድጓዳ ይጠቀማሉ። እዚህ ሁለት የቡና ሲኒ ይበቃል፤ በአንዱ ይነክራሉ፣ በሲኒ ማስቀመጫው ሳህን ይከድናሉ፣ በማጥለያ ወደ ሁለተኛው ይገለብጣሉ። ብዙው ሲኒ 70 ወይም 80 ሚሊ ሊትር ነው የሚይዘው፤ እንዲህ ከሆነ ቅጠሉን ወደ 4 ወይም 5 ግራም ዝቅ ያድርጉት።

አሁን ወደ ውሃው። ቻይና የተጻፈ መመሪያ ሁሉ «100 ዲግሪ» ይላል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውሃችን 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እሳቱን ቢያጋግሉት ይተናል እንጂ ከዚያ አይግልም። ለቆየ ፑኧር ይህ ሙቀት ይበቃል፤ የሚጎድለውን በጊዜ ነው የምናካክሰው። አደጋው ሌላ ነው፦ ቀዝቃዛ ሲኒ ላይ የፈላ ውሃ ሲፈስ 10 ዲግሪ ያህል ወዲያው ይጠፋል፤ ሻዩም ውሃ ውሃ ይላል። ስለዚህ ሲኒዎቹን አስቀድመው በፈላ ውሃ ያሙቁ፤ ማንቆርቆሪያውንም በየዙሩ መሐል እሳቱ ላይ ይመልሱት። ማንቆርቆሪያዎ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ውሃው ከባድ ነው፤ ጣዕሙን ያደነዝዘዋል፤ ለዚህ ሻይ የታሸገ ውሃ ይግዙ። የሮቶ ወይም የክሎሪን ሽታ ካለው ከዋዜማው ክፍት ዕቃ ውስጥ ያሳድሩት።

የመጀመሪያው ውሃ አይጠጣም። 10 ሰከንድ አቆይተው ይድፉትና ክዳኑን ዘግተው አንድ ደቂቃ ይተዉት፤ የተጨመቀው ቅጠል ያን ጊዜ ነው የሚላቀቀው። ከዚያ አንደኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር 15 ሰከንድ፣ አራተኛው 20፤ ቀጥሎ በየዙሩ 10 ሰከንድ ይጨምሩ። ከስምንተኛው በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃም ቢቆይ አያስፈራም። በየዙሩ ጠብታ እስኪቀር ያንጠፍጥፉ፤ ሥሩ የቀረችው ውሃ ናት ቀጣዩን ዙር የምታመርረው። በቡና አቦልን እናከብራለን፤ እዚህ ግን አቦሉ ገና እንቅልፍ ላይ ነው፣ ሻዩ የሚናገረው ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ነው። ደህና ቅጠል 10 ዙር ይሄዳል። ሲደክም በግማሽ ሊትር ውሃ 10 ደቂቃ ይቀቅሉት፤ የመጀመሪያ ቀን ያደረጉት ነገር ቦታው እዚህ ነበር።

ሲቀምሱ ምሬቱን ብቻ አይፈልጉ። ምሬቱ ቶሎ ለቅቆ ከጉሮሮ ጣፋጭነት ከተመለሰ ጥሩ ነው። ያልበሰለ ሙዝ እንደበሉ ምላስ ይዞ ከቀረ ወይ ሻዩ ገና ነው፣ ወይ እርስዎ አብዝተውታል፤ ጊዜውን በግማሽ ቀንሰው ይሞክሩ። የ15 ዓመቱ ማር ወይም የደረቀ ተምር፣ አንዳንዴም የአሮጌ ሣጥን እንጨት ይሸታል። ጭስ ጭስ ካለ ምጣዱ ላይ የገባ ጭስ ነው፤ በዓመታት ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ጀበና ብጠቀምስ? የወለቃ ሸክላ አዲስ ገዝቻለሁ። (ከማራኪ)

መልስ፦ አዲስም ቢሆን አይሆንም። ችግሩ አንገቱ ነው፦ ቀስ ብሎ ስለሚቀዳ የ15 ሰከንዱ ሻይ 40 ሰከንድ ይሆናል፤ ያበጠውንም ቅጠል መልሶ ማውጣት ፈተና ነው። ቡና የፈላበት ጀበና ከሆነማ ሸክላው የጠጣውን ቡና ለሻዩ ይመልስለታል።

ጥያቄ፦ ቤታችን አራዳ ገበያ አጠገብ ነው። ቡና በየቀኑ ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ሁለት ዳቦ ፑኧር ለዓመታት ማቆየት እፈልጋለሁ፤ በክረምት ግን አንዱ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። ሻጋታ ነው?

መልስ፦ በአጉሊ መነጽርና በደኅና ብርሃን ይዩት። ነጩ የቅጠሉ ቡቃያ ላይ የተኛ አጭር ጸጉር ከሆነና ሲያሹት የማይነሣ ከሆነ የእንቡጡ የራሱ ነው። እንደ ጥጥ የቆመ፣ ሲነኩት የሚቦን፣ ወይም አረንጓዴ፣ ቢጫና ጥቁር የቀላቀለ ከሆነ ሻጋታ ነው። ቆርጦ ቀሪውን መጠጣት የለም፤ ሙሉውን ይጣሉት፣ ጎረቤቱንም ዳቦ ለብቻ አግልለው ይከታተሉ።

ጥሬ ፑኧር የሚያረጀው በእርጥበት ነው፤ ከ60 እስከ 70 በመቶ፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይስማማዋል። የጎንደር በጋ ለዚህ ደረቅ ነው፤ ሻዩ አይበላሽም፣ ግን እድገቱ ይዘገያል፣ መዓዛውም ሊተን ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በተለይ የድንጋይ ግድግዳ ያላብና የተጠጋውን ሁሉ ያረጥባል። ስለዚህ ከግድግዳ አንድ ክንድ፣ ከመሬትም ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። የእርጥበት መለኪያ ቢያገኙ ይግዙ፤ ከ75 በመቶ ካለፈ ሻዩን ወደ ደረቀ ክፍል ያዛውሩ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሽታ ነው። ይህ ቅጠል ስፖንጅ ነው፤ ቡና፣ ዕጣን፣ በርበሬ፣ ናፍታሊን ያለበት ሣጥን፣ ሁሉም ይገባበታል፣ አይወጣም። ሞሰብ የእንጀራ ሽታ አለው። ጠላ የተጠመቀበት ጋን አሥር ጊዜ ቢታጠብም ጌሾውን አይረሳም። ምንም ያልነካው አዲስ እንስራ ታጥቦ፣ ለሳምንታት በፀሐይ ደርቆ፣ አፉ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ታስሮ፣ ቡና ከሚቆላበት ክፍል ርቆ ቢቀመጥ እኛ የምንመርጠው እሱን ነው። የመጠቅለያ ወረቀቱን አይግፈፉት። ማቀዝቀዣ ውስጥ በፍጹም።

ጥያቄ፦ «የ40 ዓመት» ተብሎ ቀረበልኝ፤ ዋጋው የአንድ በግ ነው። ልግዛው?

መልስ፦ በወረቀቱ ቀን ብቻ አይግዙ፤ ወረቀት ማሳተም ከሻይ ማስረጀት ይቀላል። ለነገሩ የ40 ዓመት ጥሬ ፑኧር በበግ ዋጋ ከተሸጠ እውነተኛ አይመስለንም። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው «የበሰለ» የሚባለው ዓይነት ነው። አሠራሩ በ1970ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ሲሆን፣ ቅጠሉ ተከምሮና በውሃ ረጥቦ በሳምንታት እንዲጠቁር ይደረጋል። መለየቱ አይከብድም። የበሰለው ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እንደ ቡና ይጠቁራል፣ እርጥብ አፈር ይሸታል፤ የቆየ ጥሬ ግን ከጠጅ ቀለም ተነሥቶ በዕድሜው ልክ ወደ ቀይ ይሄዳል፣ ብርጭቆው ውስጥም ጥርት ይላል። ጠጥተው ሲጨርሱ ቅጠሉን በጣትዎ ይዘርጉት፦ ጥሬው ቡናማ ሆኖ ይለሰልሳል፣ ይዘረጋል፤ ጠቁሮና ደርቆ የማይፈታ ከሆነ የበሰለ ነው፣ ወይም በእርጥብ መጋዘን የተጣደፈ። 10 ግራም ለቅምሻ የማይሰጥ ሻጭ ዘንድ አይቆዩ።

ጥያቄ፦ ስኳር፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ ይገባበታል? በጾምስ?

መልስ፦ ቅመሙን ለውሽውሽ ይተዉለት፤ ፑኧሩን ይሸፍነዋል። ወተት የለውምና ለጾም የሚከለክለው የለም፤ ነገር ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለጾሙ ሰው በባዶ ሆድ ጥሬ ፑኧር ሆድ ያውካል። መጀመሪያ ምግብ ይቅመሱ። በርበሬ የበዛበት ወጥ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፣ አለዚያ ምላስዎ ሻዩን አይለየውም። አብሮ የሚሄደው ጨው የሌለው ቆሎ ነው። ቡና የተከለከሉ ሰዎች ይህም ካፌይን እንዳለው ይወቁ፤ መቆየቱ አያጠፋውም።