ከጓደኞቻችሁ ጋር ወደ እስያ ከተሞች ለምትወጡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ባንኮክን፣ ኳላ ላምፑርንና ሲንጋፖርን አንድ ላይ ልታዩ ካሰባችሁ መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር ጨርሱ። ጓደኛሞችን መንገድ ላይ የሚያቀያይመው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ለማደሪያ፣ ለምግብና ለትራንስፖርት በቀን ስንት እንደምታወጡ ሳትነሱ ተስማሙ፤ ልኩን አቅሙ ዝቅ ያለው ልጅ ይወስነው። እሱ አፍሮ ዝም ካለ ቅሬታው ከቀናት በኋላ በሌላ ሰበብ ይፈነዳል። ለጋራ ወጪ እኩል አዋጡና እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ አንድ ገንዘብ ያዥ ምረጡ፤ ማታ ማታ ሂሳቡን ለሁሉም ያሳይ። ዶላር የምትይዙ ከሆነ ንጹሕ ባለ 100 ኖት ይሁን፤ የባንኮክ መንዛሪዎች ለትንንሽ ኖቶች ዝቅ ያለ ዋጋ ነው የሚሰጡት።

ከኢትዮጵያ ለሚነሳ መንገደኛ ሦስቱም አገሮች፣ ታይላንድ፣ ማሌዥያና ሲንጋፖር፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ በዋዜማው መሯሯጥ ዋጋ የለውም። የየአገሩን የመግቢያ ቅጽ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ሙሉ፤ ነጻ ነው፣ ክፈሉ የሚል ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ የሰው አደራ ዕቃ አትያዙ። «ይቺን ለእህቴ አድርስልኝ» የሚልን ሰው እምቢ ማለት ለእኛ ይከብዳል። ሲንጋፖር ግን በዕፅ ዝውውር በሞት ትቀጣለች። ዕፁ በእጃችሁ ከተገኘ እንደምታውቁ ይቆጠራል፤ አለማወቃችሁን የማስረዳቱ ሸክም የእናንተ ነው። ዘመድም ቢሆን፣ ቡናና በርበሬ ነው ቢልም፣ ይቅርታ በሉት።

ቦርሳችሁ ከ40 ሊትር አይብለጥ። ርካሾቹ አየር መንገዶች በእጅ የሚፈቅዱት በአብዛኛው 7 ኪሎ ነው፤ ትርፉን በር ላይ ያስከፍላሉ። ጂንስ በዚያ ወበቅ ስለማይደርቅ ቤት ተዉት። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ ወደ ጭነት አይገባም።

ባንኮክ ሁለት አውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ ሱቫርናብሁሚና ዶን ሙአንግ። ቲኬታችሁ ላይ የትኛው እንደተጻፈ ሳታዩ አትንቀሳቀሱ፤ አንዱ ከሌላው ሩቅ ነው። ለአራት ሰው ከነቦርሳው አንድ ታክሲ አይበቃም፤ ብዙዎቹ በጋዝ ስለሚሠሩ የኋላውን የዕቃ ቦታ ግማሹን ሲሊንደሩ ይይዘዋል። ከሱቫርናብሁሚ ባቡሩ በግማሽ ሰዓት ገደማ ፋያ ታይ የተባለው የከተማው ባቡር ጣቢያ ያደርሳችኋል።

ከመካከላችሁ ጾመኛ ካለ ባንኮክ አይቸገርም። በቢጫ መደብ ላይ «17» የሚል ቁጥር የሚመስል ቀይ ጽሑፍ ፈልጉ። «ጄ» ይባላል፤ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት ምግብ ማለት ነው። ምልክቱ ከሌለ ግን አትክልት ብቻ የሚመስለው ወጥ ውስጥ የዓሣ ሶስ አለ ብላችሁ ጠርጥሩ።

ከኳላ ላምፑር ወደ ሲንጋፖር በአውቶቡስ ስትሄዱ ድንበሩ ላይ ሁለት ጊዜ ትወርዳላችሁ፣ አንዴ ከማሌዥያ ለመውጣት፣ አንዴ ሲንጋፖር ለመግባት። ሲንጋፖር በኩል ስትወርዱ ቦርሳችሁን በሙሉ ይዛችሁ ውረዱ። አውቶቡሱ የሚጠብቀው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ የውጭ ዜጋ ሰልፍ ደግሞ ይረዝማል። ስለዚህ ታርጋውን ፎቶ አንሱ፣ ቀድሞ ያለፈው ልጅ ሾፌሩ ጋ ሄዶ ጓደኞቹ እየመጡ መሆኑን ይንገረው። ጥሎ ከሄደም አትደንግጡ፤ ቲኬቱን ካልጣላችሁት የዚያው ድርጅት ቀጣይ አውቶቡስ ብዙ ጊዜ ቦታ ካለው ይጭናችኋል።