ሁለት ላቦራቶሪ፣ ሁለት ቁጥር፦ የትኛውን ልመን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአንድ ማሳ ያነሳሁትን አፈር ለሁለት ከፍዬ ወደ ሁለት ላቦራቶሪ ላክሁ። አንዱ ፒኤች (ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን አፈሩ አሲዳማ ነው የሚባልበት መለኪያ) 5.9 አለኝ፣ ሌላው 5.1። አሁን ኖራ ልጨምር ወይስ ልተው? ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው ማሳው ላይ ተኝቶ ይውላል። ወረቀቶቹ ስለዚህ አንዲት ቃል አይሉም። ገንዘቤን በከንቱ አወጣሁ ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ በከንቱ አይደለም። እስቲ ሁለቱን ወረቀቶች ያውጡና ከፒኤች አጠገብ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ያንብቡ። አንደኛው «በውሃ»፣ ሌላኛው «በፖታሲየም ክሎራይድ» ሳይል አይቀርም። አፈር በዚህ ጨው ሲበጠበጥ ሸክላው አጥብቆ የያዘው አሲድም ይለቀቃል። ስለዚህ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ 1 ነጥብ ዝቅ ይላል። እንዲያ ከሆነ ማንም አልዋሸዎትም። የአምናውን በውሃ ለክተው የዘንድሮውን በጨው ካስለኩ ግን መሬቴ ተበላሸ ብለው በባዶ ሜዳ ይደነግጣሉ።

ኖራውን በተመለከተ ትንሽ ይታገሱ። ስንት ኩንታል እንደሚያስፈልግ ፒኤች ብቻውን አይናገርም። ፒኤቻቸው እኩል ከሆነ አሸዋማ አፈርና ሸክላማ አፈር፣ ሸክላማው የሚጠይቀው ኖራ ይበልጣል። ላቦራቶሪውን «የኖራ ፍላጎቱን ለኩልኝ» ይበሉት፤ ራሱን የቻለ ምርመራ ነው።

ናሙናውንስ ከስንት ቦታ አነሱ? አልጻፉልኝም፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የአንድ ሄክታር የላይኛው 20 ሴንቲሜትር አፈር ወደ 26 ሺህ ኩንታል ይመዝናል። ላቦራቶሪው ፎስፈረስ ለመለካት የሚወስደው ደግሞ ጥቂት ግራም ነው! ስለዚህ ማሳውን እየተጠማዘዙ ከ15 እስከ 20 ቦታ እኩል ጥልቀት ቆፍረው ያንሱ፤ በንጹህ የፕላስቲክ ባልዲ ያደባልቁና ከዚያ ግማሽ ኪሎ ያህል ይላኩ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ናሙናዬን በባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አጭቄ ልኬ፣ ፎስፈረሱ ሰማይ ነክቶ መጣ። ለካ የተለካው ከረጢቱ ነው።

ወደተኛው ውሃ ልምጣ፤ አፈሩ ጠጥሮ ውሃ አላሰርግ ብሎ ይሆናል። ላቦራቶሪ አፈሩን ያደርቃል፣ ይፈጫል፣ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ይነፋል። አፈሩ ጠጥሮ ከነበረም ጥጥረቱ እዚያው ጠፋ። እሱን የሚለካው ሳይነካካ የወጣ አፈር ነው። ቁመቱም የአፉ ስፋትም 5 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ሁለት አፉ ክፍት የብረት ቀለበት ይፈልጉ፤ 98 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይይዛል። አፈሩ እርጥበት ሲኖረው እንዳይታመቅ ቀለበቱን ቀስ እያሉ መትተው ያስገቡት። በዙሪያው ቆፍረው ያውጡና ከአፉ የተረፈውን በቢላ ይከርክሙ። በ105 ዲግሪ 24 ሰዓት አድርቀው አፈሩን ብቻውን ይመዝኑ። 150 ግራም ቢመጣ ለ98 ያካፍሉ፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.53 ግራም ይሆናል። ለአሸዋማ አፈር ይህ ምንም አይደለም። ለሸክላማ አፈር ግን ሥሩን የሚያስጨንቅ ጥጥረት ነው።

ምድጃውም ሚዛኑም ከሌለ አካፋ ያንሱ። ሰብሉ ቆሞ ሳለ አንድ ጉድጓድ ቆፍረው ሥሩን ይዩ። ወደ ታች መውረዱን ትቶ ወደ ጎን ከታጠፈ፣ የታጠፈበትን ጥልቀት በማስመሪያ ለክተው ይጻፉልኝ።