የሕግ ጥያቄና መልስ፦ በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ የሕክምና ወጪ

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ብረታ ብረት ቤት ይሠራል። ከአራት ወር በፊት የግራይንደር ዲስክ ተሰብሮ የግራ እጁን ጅማት ቆረጠው፤ እስካሁን ወደ ሥራ አልተመለሰም። አሠሪው ቀዶ ሕክምናውን ከከፈሉ በኋላ «የማሽኑን መከላከያ ክዳን ያወለቀው ራሱ ነው» በማለት የፊዚዮቴራፒውን ወጪ ከደመወዙ በሚቆረጥ ብድር ሊያስፈርሙት ይፈልጋሉ። የጽሑፍ ውል የለውም። ምን ያድርግ?

መልስ፦ በቅድሚያ አይፈርም። ከደመወዝ ላይ ለመቁረጥ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ አሠሪው የሚፈልጉት ፊርማ ይኸው ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ የሚያደርገው ጥፋት ባይኖርበትም ነው። ኃላፊነቱ የሚቀረው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ሲሆን፣ አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስም በዚሁ ይመደባል። ስለዚህ ክዳኑን እንዳያወልቅ በግልጽ ተነግሮት ነበር ወይ የሚለው ወሳኝ ነው። በየብረታ ብረት ቤቱ ለማሽኑ የማይመጥን ትልቅ ዲስክ ለማስገባት ክዳን ተወልቆ፣ ፎርማኑም እያየ ሲሠራበት መክረሙ እንግዳ ነገር አይደለም። የእርስዎም ወንድም ጉዳይ እንዲህ ከሆነ፣ ይህን የሚመሰክሩ ባልደረቦቹን ስምና ስልክ አሁኑኑ ይያዝ።

አሠሪው የሚሸፍኑት ጠቅላላና ልዩ ሕክምናን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪን እንዲሁም አስፈላጊ ሰው ሠራሽ አካላትን ነው። ጅማቱ ለተቆረጠ ሰው ሐኪም ያዘዘለት ፊዚዮቴራፒ የዚሁ ሕክምና ቀጣይ እንጂ የአሠሪው ውለታ አይደለም፤ እጁ ተሰፍቶ ጣቶቹ ካልታጠፉለት የቀዶ ሕክምናው ትርፍ ምንድን ነው? ሕክምናው የሚቋረጠውም በሕክምና ቦርድ ውሳኔ ነው።

ብዙዎች ይህን የሕክምና ወጪ በደመወዝ ምትክ ከሚሰጠው ክፍያ ጋር ያደባልቁታል። ሠራተኛው ከሥራ ውጪ በሆነበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። የ12 ወር ገደቡ የዚህ ክፍያ እንጂ የሕክምናው አይደለም። ወንድምዎ አሁን በ75 በመቶው ጊዜ ውስጥ ነው።

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብቱን አያሳጣውም፤ ደመወዝ የገባበት የባንክ መግለጫ ወይም የምስክር ቃል ለማስረጃ ይጠቅማል። የሕክምና ደረሰኞችን ዋናውን ራሱ ይዞ ቅጂውን ለአሠሪው በደብዳቤ ያስገባ፤ መድረሱንም ያስፈርም። እምቢ ካሉ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማመልከት ወይም በፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስ መመሥረት ይቻላል። ሆኖም ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ክስ በመደበኛነት በ1 ዓመት ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ስለሚታገድ፣ «እንታረቃለን» እየተባለ ጊዜው እንዳያልፍ ይጠንቀቅ።