የውሻ ኢንሹራንስ፦ ልግዛ ወይስ ልተው?

በአሜሪካ ውሻ የሚያሳድጉ አንባቢዎች የላኩልንን ጥያቄዎች አሰባስበናል። የጠቀስናቸው ዋጋዎች እንደየከተማው፣ እንደ ውሻው ዝርያና ዕድሜ ከፍና ዝቅ ይላሉ።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር ቡችላ ወስደናል፤ ጤነኛ ነው። በየወሩ ለኢንሹራንስ ከመክፈል ያንኑ ገንዘብ ብናጠራቅም አይሻልም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ቡችላው ካልሲ ውጦ አንጀቱ ተዘጋ እንበል። የድንገተኛ ክፍል ሐኪሟ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ «ቀዶ ሕክምናው 5,000 ዶላር ነው፤ ከመግባቱ በፊት አብዛኛውን ይክፈሉ» ብትላችሁ መክፈል ትችላላችሁ? ከቻላችሁ ኢንሹራንስ የግድ አይደለም፤ አጠራቅሙ። ካልቻላችሁ ግን ቁጠባው አይደርስላችሁም። በወር 50 ዶላር ብታስቀምጡ በዓመቱ 600፣ በሦስት ዓመቱ 1,800 ቢሆን ነው፤ ቡችላ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ የሚውጠው ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው።

አደጋንም በሽታንም የሚሸፍን ውል ለቡችላ በአብዛኛው በወር ከ35 እስከ 70 ዶላር ያስከፍላል። ይህ ከከበዳችሁ አደጋ ብቻ የሚሸፍነው ውል በጣም ይረክሳል፤ የተዋጠ ነገር፣ ስብራት፣ የመኪና ግጭትና መመረዝ ውስጡ ናቸው፤ ካንሰር፣ አለርጂና የጆሮ ሕመም የሉበትም።

ከገዛችሁ አትዘግዩ። ለበሽታ ሽፋኑ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከ14 ቀን በኋላ ነው፤ ለጉልበት ጅማት ስድስት ወር የሚያስጠብቁ ኩባንያዎችም አሉ። በመጠበቂያው ጊዜ የታየ ምልክት «ቀድሞ የነበረ» ተብሎ ይመዘገባል። አንድ ነገር ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ሞክሩ፦ በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ያንኑ ዝርያና ያንኑ ዚፕ ኮድ አስገብታችሁ ዕድሜውን ስምንት ዓመት በሉት። የሚወጣው ወርሃዊ ዋጋ ውሎ አድሮ የምትከፍሉትን ይጠቁማችኋል። ያንን የማትችሉት ከሆነ ዛሬ ርካሽ መሆኑ አያታላችሁ፤ ውሻው በሚያረጅበት፣ ኢንሹራንሱ በጣም በሚያስፈልግበት ጊዜ ልታቋርጡት ነው።

ጥያቄ፦ «80 በመቶ እንሸፍናለን» ይላሉ። የ4,800 ዶላር ቢል ቢመጣ ስንት ይመለስልኛል?

መልስ፦ ዲዳክቲብሉ (ኩባንያው መክፈል ከመጀመሩ በፊት እርስዎ ከኪስዎ የሚሸፍኑት መጠን) 500 ዶላር ከሆነ፣ እሱ የሚቀነስበትን ቅደም ተከተል ውሉ ላይ ይፈልጉ። መጀመሪያ ከቢሉ ላይ ተቀንሶ ከቀረው 4,300 ዶላር 80 በመቶው ከተሰላ 3,440 ዶላር ያገኛሉ። መጀመሪያ 80 በመቶው ተሰልቶ ከዚያ 500 ከተቀነሰ ግን 3,340 ነው። በአንድ ቢል የ100 ዶላር ልዩነት አለው። ዲዳክቲብሉ በዓመት አንዴ ነው ወይስ ለእያንዳንዱ ሕመም? ሽፋኑ የሐኪም መመርመሪያ ክፍያውንስ ይጨምራል? ኩባንያው በዓመት የሚከፍለው ጣሪያ 5,000 ዶላር ከሆነ ሁለተኛ አደጋ ሲመጣ ባዶ እጅዎን ነዎት፤ ቢያንስ 10,000 ይሁን እንላለን።

ደግሞ አይርሱ፤ በአብዛኛው መጀመሪያ ሙሉውን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት፤ ተመላሹ ከቀናት እስከ ሳምንታት ይወስዳል። «ለስድስት ወር ወለድ የለውም» በሚል የሕክምና ክሬዲት ካርድ ከከፈሉ ከቀነ ገደቡ በፊት እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይዝጉት። ጥቂት ዶላር እንኳ ከቀረ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚታሰብበት ካርድ አለ።

ጥያቄ፦ ላብራዶሬ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በኋላ ግራ እግሯ አንክሳ ነበር፤ ማስታገሻ ወስዳ ዳነች። አሁን ብገዛላት ያንን ከሽፋን ያስወጡብኛል?

መልስ፦ ጉልበቷን አዎ፣ ሳያስወጡ አይቀሩም። ብዙ ሰው «ሐኪሙ እኮ በሽታ አላገኘባትም» ይላል። ኩባንያው የሚያየው ምልክቱን ነው፤ በሕክምና ፋይሏ ላይ «በኋላ ግራ እግሯ ታነክሳለች» የምትል አንዲት መስመር ትበቃዋለች። ከዚያም የሚብሰው አለ፤ በብዙ ውሎች አንዱ ጉልበት ቀድሞ ከታመመ ሌላውም ከሽፋን ይወጣል። ምክንያታቸው ከሕክምናው ጋር ይገጥማል፦ አንዱ ጅማት የተበጠሰበት ውሻ ሌላውንም የሚበጥስበት ዕድል ሰፊ ነው። የአንዱ ጉልበት ቀዶ ሕክምና ብቻ ከ4,000 እስከ 7,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል።

የጆሮ ኢንፌክሽንና ተቅማጥ ይለያሉ። ለስድስት ወር ወይም ለዓመት ካልተመለሱ እንደ አዲስ የሚቆጥሩ ኩባንያዎች አሉ፤ ጉልበትን ግን እምብዛም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ሙሉ ፋይሏን ከክሊኒኩ ያስወጡና ራስዎ ያንብቡት። ውሉን በገዙ ማግስት ፋይሉን ልከው «የማይሸፈነውን በጽሑፍ አሳውቁኝ» ይበሉ። ብዙ ኩባንያዎች ክሌይም (የክፍያ ጥያቄ) ላላቀረበ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ገንዘቡን መልሰው ውሉን ይሰርዛሉ፤ መልሱ ከዚያ በፊት እጅዎ ይግባ። ጉልበቶቿ ከሽፋን ወጥተው ወርሃዊው ክፍያ ከ100 ዶላር ካለፈ እኛ ባንገዛው እንመርጣለን፤ ያን ገንዘብ ለእሷ ብቻ በተለየ ቁጠባ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። ምልክቱን መደበቅ ግን አያስቡ። ክሌይም ሲመጣ ፋይሉን ከየክሊኒኩ ይጠይቃሉ።

ጥያቄ፦ ክትባትና ምርመራ የሚከፍለው የዌልነስ ተጨማሪ ጥቅል ያዋጣል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። በወር 25 ዶላር ማለት በዓመት 300 ነው፤ ጥቅሉ ለእያንዳንዱ ነገር የመደበውን ጣሪያ ደምረው ያወዳድሩ። በዚህ ዓመት በማደንዘዣ ጥርሱን ሊያሳጥቡት ከወሰኑና ጥቅሉ ከጥሩ ጣሪያ ጋር የሚሸፍነው ከሆነ ብቻ ይግዙት።

ጥያቄ፦ ለሁለት ወር ውሻችንን ይዘን አዲስ አበባ ልንሄድ ነው። ኢንሹራንሱ እዚያ ይሠራል? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ብዙዎቹ የአሜሪካ ውሎች የሚሠሩት በአሜሪካና በካናዳ ነው፤ የትም አገር ፈቃድ ያለው ሐኪም ያከመውን የሚቀበሉም አሉ። ደውላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜይል አስልኩ።

እኛን የበለጠ ያሳሰበን መመለሻችሁ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ኢትዮጵያን የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች ውስጥ መድቧታል። ከነሐሴ 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ከዚያ የሚመለስ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለውና የሲዲሲ የማስገቢያ ቅጽ የተሞላለት መሆን አለበት። አሜሪካ ውስጥ የተከተበ ለመሆኑ ማረጋገጫው ቅጽ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት እውቅና ባለው ሐኪም ተሞልቶ በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር መጽደቅ ይኖርበታል። ቺፑ ከክትባቱ በፊት የተቀበረ ይሁን። ይህን ሳትጨርሱ ከሄዳችሁ የደም ምርመራ፣ ሲዲሲ በመዘገበው ማቆያ ቦታ መያዝ፣ ምናልባትም የ28 ቀን ኳራንቲን ይጠብቃችኋል፤ የተለመደው የሕክምና ኢንሹራንስ ደግሞ ይህን ወጪ አይከፍልም።

ጥያቄ፦ ክሌይሜን «ቀድሞ የነበረ ሕመም ነው» ብለው መለሱብኝ። አበቃለት?

መልስ፦ አላበቃም። የትኛውን የውሉን አንቀጽና የትኛውን የፋይሉን መስመር እንደያዙ በጽሑፍ ይጠይቁ። ያቺ መስመር ስለ ሌላ ሕመም የምታወራ ከሆነ የውሻው ሐኪም ይህን የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ ይጻፍልዎ፤ ይግባኙን የመከልከያው ደብዳቤ ላይ ካለው ቀነ ገደብ ሳያልፉ ያስገቡ። እምቢ ካሉ ለስቴትዎ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቤት ይበሉ፤ ክፍያ የለውም። ውሉን፣ ዝርዝር ቢሉን፣ ሙሉ ፋይሉን፣ የመከልከያውንና የሐኪሙን ደብዳቤ አያይዙ።